የግቢያችን ወደብ

ዘንድሮ ከጳውሎስ ታክሲ ተሳፍራችሁ ስለ ባሕር በር አንድም ነገር ሳትሰሙ ከወረዳችሁ፣ ወይ ተኝታችኋል ወይ ታክሲው ባዶ ነበር። ሾፌሩ ይከራከራል፣ ረዳቱ ይከራከራል፣ የሐኪም ቤት ካርዳቸውን በእጃቸው የያዙ እናት ሳይቀሩ "ለመሆኑ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የቀረን?" ይላሉ። እኔ ጥግ ይዤ እስቃለሁ። ሥራዬ አንድ የጭነት ኩባንያ ውስጥ የትራንዚት ውል ማንበብ ነው። ዕቃ በጎረቤት አገር በምን ሁኔታ ያልፋል፣ ስንት ቀን ይቆማል፣ ማን ይፈትሸዋል፣ የማን ሕግ ይሠራል የሚለውን ሳገላብጥ ነው የምውለው። የት ተማርሽው ለሚለኝ ሰው ዩኒቨርሲቲ እላለሁ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ባለው ግቢያችን ውስጥ ነው። ያኔ ታዲያ ነገሩን ሁሉ የተረዳሁት ተገልብጦ ነበር።

ግቢው አንድ ነው፣ ቤቱ ሁለት። የፊተኛው የጋሽ ጉልላት ነው፣ ከአባታቸው የወረሱት። የኋለኛው የኛ ነው፣ አባዬ እኔ ከመወለዴ በፊት ከጋሽ ጉልላት እናት የገዛው። የመኪናው መንገድ ሲሠራ ዳገቱ ስለተቆረጠ፣ የፊተኛው ቤት መንገድ ዳር ነው ይባል እንጂ በመንገዱ በኩል ያለው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ የድንጋይ ካብ ነው። ስለዚህ በጎን አንድ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከበሩ ጀምሮ እስከኛ ደጃፍ ድረስ፣ ጭነት የተሸከመ አህያና አንድ ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መተላለፊያ ይሄዳል። መተላለፊያው የጋሽ ጉልላት መሬት ነው፣ እኛ እናልፍበታለን። በምን ውል ቢሉ በምንም። የጋሽ ጉልላት እናት ቤቱን ሲሸጡ "እለፉበት ልጆቼ፣ መንገድ ለመንገደኛ ነው" ብለው ነበር፣ በቃ ይኸው ነው።

አባዬ አብዱልሰላም ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሱቅ ነበረው። ፔርሙዝ፣ ሳፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ለአስታማሚ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሸጣል። ጋሽ ጉልላት ደግሞ ትራንዚተር ነበሩ፤ ጅቡቲ የደረሰ ዕቃ ወረቀቱን ጨርሰው እያስወጡ ወደ አገር የሚያስገቡ ሰው። በወር ውስጥ ሁለቱን ሳምንት እዚያ ወበቁ ውስጥ ቀልጠው፣ ሁለቱን ሳምንት ጉለሌ ብርድ ውስጥ ጋቢ ተከናንበው ነው የሚያሳልፉት። የአባዬ ፔርሙዝ ወደብ ላይ ሲዘገይ የሚወቀሱት እሳቸው ናቸው። ፔርሙዙን የሚያስመጣው ሌላ ሰው፣ የሚያጓጉዘው ሌላ ሰው፣ እሳቸው ጭራሽ የማያውቁት ዕቃ ቢሆንም አባዬ ግድ የለውም፣ ወደብ የሚባለው ነገር ሁሉ ተጠሪው ጋሽ ጉልላት ናቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ሬዲዮ ይከፈታል፣ ጦስኝ የተነከረበት ሻይ ይቀዳል፣ ክርክሩ ይጀመራል። ጋሽ ጉልላት መሬት ላይ ካርታ ይሠራሉ። የፔርሙዙ ክዳን አዲስ አበባ ነው፣ የውሃው ጣሳ ቀይ ባሕር፣ የአባዬ አንደኛው ነጠላ ጫማ ጅቡቲ፣ ሌላኛው ዓሰብ። አባዬ ባዶ እግሩን ቁጭ ብሎ በገዛ ጫማው ይረታል። አንዳንዴ ተናዶ ጅቡቲን አጥልቆ ወደ ቤት ይገባል።

የአባዬ አቋም አንድ ነበር፣ በየሳምንቱ ይለዋል። "ጉልላት፣ በር ማለት ቁልፉ ኪስህ ሲሆን ነው። ቁልፉ ጎረቤት ኪስ ውስጥ ያለ በር ግድግዳ ነው" ይላል። ጋሽ ጉልላት ደግሞ ለስለስ ባለ ድምፅ ይጀምሩና እየጮኹ ነው የሚጨርሱት። ውል መፈረም ሉዓላዊነትን አይነካም፤ እንዲያውም ሉዓላዊ ያልሆነን ማን ያስፈርመዋል? እነሱም የራሳቸው አገር፣ የራሳቸው ባንዲራ አላቸው፣ በወጉ ጠይቀህ፣ በወጉ ፈርመህ፣ ቀና ብለህ ማለፍ ምን ነውር አለው? አባዬ፣ ያኮረፉ ዕለትስ ይላል። ሁለት ባላ ትከል ነዋ፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። ለምን እንደ ዝንጀሮ እንጠለጠላለሁ ይላል አባዬ። እዚህ ላይ ሲደርሱ የጋሽ ጉልላት ሚስት እትዬ የሺ መስኮቱን ድርግም አድርገው ይዘጉታል።

እኔና የጋሽ ጉልላት ልጅ ናዝሬት ከደረጃው ሥር ብይ እየተጫወትን ሁሉንም እንሰማለን። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው መተላለፊያ የራሳችንን ነው። ስለዚህ ለኔ ሲከራከሩ የሚውሉት ስለኛ ግቢ ነበር፤ ኢትዮጵያ እኛ ነን፣ የባሕር በሩ ያ የቆርቆሮ በር ነው፣ ባለ ወደቡ ጋሽ ጉልላት ናቸው። ማስረጃም ነበረኝ። ለዒድ እማዬ ትልቅ ትሪ ሳምቡሳና ቴምር ሞልታ፣ በጨርቅ ሸፍና ለነእትዬ የሺ ትወስዳለች። ሥጋ አትልክም፣ የኛን እርድ አይበሉማ። ይኼ በሬዲዮ የሚባለው የወደብ ኪራይ መሆን አለበት አልኩ። ለፋሲካ ደግሞ እትዬ የሺ እግሯ የታሰረ፣ በሕይወት ያለች ዶሮ ይልኩልናል፤ በነሱ ቢላ ብትታረድ እኛ አንበላትምና አባዬ ራሱ "ቢስሚላህ" ብሎ እንዲያርዳት። ይቺን ደግሞ ኪራዩን አስበልጠን ከፍለን ኖሮ የተመለሰልን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለናዝሬት ሳስረዳት አመነችኝ። እኔ ያልኩትን ሁሉ ታምናለች፣ ዛሬም እንዲያው ናት።

በዚያ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ከቀበሌ ማስታወቂያ ወጣ። ቀያሾች እየዞሩ የያንዳንዱን ሰው ይዞታ ሊለኩ፣ ካርታ ሊሠሩ ነው ተባለ። ጎረቤት ከጎረቤት ድንበሩን ተስማምቶ ይጠብቅ፣ ያልተስማማ ክርክር አለበት ተብሎ ይታለፋል፣ የታለፈ መቼ እንደሚመለሱለት እንጃ። ደግሞም ወደ መንገድ መውጫ የሌለው ቤት፣ ወይ የራሱ በር ወይ ከጎረቤቱ ጋር የተፈረመ ውል ካላቀረበ ካርታ አያገኝም። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ተቀየረ። ከኛ በላይ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ለአንዲት ክንድ መሬት አካፋ ተማዘዙ። ማታ እዚህ የነበረ የድንበር ድንጋይ ጠዋት እዚያ ይገኛል። እማዬ እንቅልፍ አጣች። ጋሽ ጉልላት ዕድሜ ይስጣቸው ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ካርታ የሌለው ቤት ቤታችን መሆኑን ነገ ማን ያውቅልናል እያለች አባዬን ትነዘንዘዋለች። አባዬ እኔ እጨርሰዋለሁ አላት።

አልጨረሰውም። አንድ ምሽት ላይ ከሱቅ ሲመለስ መተላለፊያው መሃል ከጋሽ ጉልላት ጋር ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አየሁ። የሚሉት አይሰማኝም፣ እጃቸውን ብቻ ነው የማየው። አባዬ መሬቱን ያሳያል፣ ጋሽ ጉልላት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ጉልላት መሬቱን ያሳያሉ፣ አባዬ በእጁ ወዲያ ይላል። በመጨረሻ ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣጡ። አባዬ ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። "የመተላለፊያውን ነገር እምቢ አለኝ። እሺ እስኪል አላናግረውም" አላት እማዬን። እማዬ አንገቷን ደፋች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ እምቢ ያሉት ምኑን እንደሆነ የጠየቀ አንድም ሰው በቤታችን አልነበረም። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ እሑድ እሑድ የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። የተፈራው ቀን ደረሰ፣ ባለ ወደቡ አኮረፉ።

ያን እሑድ ሻይ የለም፣ ሬዲዮም የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አባዬ መተላለፊያውን ሲያልፍ መሬት መሬት እያየ ነው። ጋሽ ጉልላትም ጅቡቲ መሄድ ሲገባቸው አልሄዱም፣ ዙሪያውን እየዞሩ በእርምጃ ይለካሉ። ቀያሾቹ ሰኞ ይመጣሉ የተባለ ጊዜ፣ ቅዳሜ፣ አባዬ ሱቅ እያለ፣ አራት የተቆረጠ ፌሮና መዶሻ ይዘው ወጡ። ጫፉን ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ከበሩ ጀምረው፣ በራሳቸው ቤት ግድግዳ በኩል፣ መተላለፊያውን ይዘው ቀጥ ባለ መስመር አራቱንም ችካል ቸከሉ። እትዬ የሺ ምን እያረግክ ነው ሲሏቸው የወንድ ሥራ ነው አሏቸው።

ናዝሬት ሮጣ መጣችና አባቷ አጥር ሊያጥሩ ነው አለችኝ። ማን እንደነገራት ስጠይቃት ማንም፣ ግን ችካል ከተቸከለ አጥር ነው አለች። እውነቷን ነው፣ ሰፈሩ ውስጥ በዚያ ሳምንት ያየነው ሁሉ እንደዚያ ነበር። በዓይነ ኅሊናዬ ጋሽ ጉልላት በሩ ላይ ጠረጴዛ አውጥተው፣ ማኅተም ይዘው፣ የደብተር ቦርሳዬን ሲፈትሹ ታዩኝ። የምሳ ዕቃዬ ወደብ ላይ ሲቆም ታየኝ። ከሁሉ የባሰው ግን ናዝሬት ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ስትቀር ነው። አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ አይናችንን ጠርገን ተመካከርን።

እሑድ ጠዋት እነእትዬ የሺ ቁስቋም ማርያም ሄዱ። ናዝሬት ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ስለጣለ መሬቱ ርሷል። የመጀመሪያውን ችካል እኔ ወዘወዝኩት፣ ሁለተኛውን አብረን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ናዝሬት ብቻዋን ነቀለቻቸው፤ የአባቷን ችካል በገዛ እጇ። ጉድጓዶቹን በጭቃ ደፍነን በእግራችን ደመደምነው፣ ፌሮዎቹን የኛ ዶሮዎች ቆጥ ሥር ከተትናቸው። እንዲህ አድርገን አገር አዳንን ብለን ቀኑን ሙሉ ስንኩራራ ዋልን። እነጋሽ ጉልላት ከዘመድ ቤት የተመለሱት ከጨለመ ስለነበር ልብ አላሉትም።

ሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ስለነበርን ጠዋት ቤት ነን። ቀያሾቹ በሦስት ሰዓት ግድም መጡ። አለቃቸው ሾዴ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር ነው የሚለው። ፊቱ ላይ የሳምንቱ ጠብ ሁሉ ይነበባል። ሦስት እግር ያለውን መሣሪያ መተላለፊያው ላይ ተክሎ፣ ወረቀቱን አውጥቶ፣ ድንበሩን አሳዩኝ አለ። ጋሽ ጉልላት በኩራት እነሆ ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ችካል የለም። ጎንበስ አሉ። በእግራቸው ጭቃውን ፈለጉ። ከዚያ ቀና ብለው አባዬን አዩት።

"አብዱ፣ ነቀልከው አይደል?"

"እኔ አልነቀልኩም። የነቀለው ሰው ግን እጁ ይባረክ" አለ አባዬ።

እኔና ናዝሬት እጅ ለእጅ ተያያዝን። ሾዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ። በደከመ ድምፅ፣ አባቶቼ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ክርክር አለበት ብዬ ጽፌ ማለፍ ነው የምችለው፣ ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣላችሁ አላውቅም አለ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ሾዴ ለፎርም ያህል ጠየቀ፤ ማን ነው የማንን መሬት የወሰደው?

"ማንም አልወሰደም" አሉ ጋሽ ጉልላት በንዴት። "ውሰድ ስለው እምቢ አለኝ እንጂ!"

የሾዴ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ያኔ ግማሹን ነው የተረዳሁት፣ ግማሹን ለዓመታት ሲተርኩት እየሰማሁ ነው የሞላሁት። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተኳረፉት ይኼን ቁራጭ መሬት ለመቀማት ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ ለመጣል ነበር። ጋሽ ጉልላት መተላለፊያው ተቆርጦ በአባዬ ስም ይግባ፣ የራስህ በር ይኑርህ ይላሉ። አባዬ ደግሞ የአባትህን መሬት ቆርጬ አልወስድም፣ የማለፍ መብት ብቻ በወረቀት ጻፍልኝ፣ እሱ ይበቃኛል ይላል።

"ራስህ አይደለህም እንዴ በየሳምንቱ፣ ቁልፉ ኪስህ ካልሆነ በር አይደለም የምትለኝ!" ጋሽ ጉልላት ጮኹ። "አስራ ዘጠኝ ዓመት በሰው በር ዕቃ ሳስወጣ ኖሬያለሁ። ውል ጥሩ ነው፣ እንጀራዬ ነው። ግን ዛሬ የሚፈቅደው ሰው ነገ ይቀየራል፣ አዲሱ አለቃ ከየት ይመጣል እያልክ ነው የምታድረው። እኔ ስሞት ልጄን የሚያገባት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ? ልጆችህ በሱ ፊት ቆመው እንለፍ ብለው እንዲለምኑ ነው የምፈልገው?"

አባዬ ቀስ ብሎ፣ "አስር ዓመት አስተማርከኝ" አላቸው። "በውል ማለፍ ውርደት አይደለም፣ በወጉ ጠይቀህ ቀና ብለህ ታልፋለህ አልከኝ። ወላሂ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አሁን አምኜልህ ቀና ብዬ ልፈርም ስመጣ፣ እንደ ድሃ መሬት ልትመጸውተኝ ነው?"

እትዬ የሺ ሳቃቸውን መቋጠር አቃታቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ራሴ ዞረ። እንግዲህ አስቡት፤ አስር ዓመት ሲከራከሩ አንዱ ሌላውን አሳምኗል፣ ሁለቱም ግን መረታታቸውን ከሚናገሩ ሞታቸውን ይመርጣሉ። አባዬ የጋሽ ጉልላትን ሐሳብ ይዟል፣ ጋሽ ጉልላት የአባዬን፣ ያንኑ ክርክር ቦታ ተቀያይረው እየተከራከሩት ነው። ኢንጂነሩ ሰፈሩን ሲዞር ሰንብቶ መሬት እምቢ አልቀበልም ብሎ የሚጣላ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም ወረቀት ወረቀት ነው። አለመስማማት አለመስማማት ነው፣ ክርክር ብዬ ልጽፍ ነው አለ። እማዬ "ኧረ በአላህ" አለች፣ እንባዋ መጣ። የኛ ቤት ካርታ ሊያልፈን ነው፣ ያውም በደግነት።

የእማዬን እንባ ሳይ አልቻልኩም። እኔ ነኝ የነቀልኩት ብዬ ወጣሁ። ናዝሬትም ከኋላዬ፣ እኔም ነኝ አለች። ከቆጡ ሥር አራቱን ፌሮ ከነኩሳቸው አምጥተን ጋሽ ጉልላት እግር ሥር ጣልናቸው። አጥር የሚታጠር መስሎን ነው፣ ባለ ወደብ ያኮረፉ መስሎን ነው እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። ማንም ምን እንደምል አልገባውም። አባዬ ግን ገባው መሰለኝ፣ ጠጉሬን ዳበሰው። ጋሽ ጉልላት አንዱን ችካል አነሡና "እንግዲህ ልጆቹም ይመስክሩ፣ እዚህ ነበር" ብለው መልሰው ሊቸክሉት ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ነው ሾዴ መሣሪያው ውስጥ ሲመለከት ቆይቶ ቀና ያለው።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ። "መተላለፊያውን ከነበሩ ለሳቸው ከሰጡ፣ እርስዎ በየት ይገባሉ?"

ጋሽ ጉልላት መዶሻውን እንደያዙ በሩን አዩ። ዞረው የድንጋይ ካቡን አዩ። በሩን ደግመው አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሰው ከወደብ ሲያስወጡ የኖሩ ትራንዚተር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእርምጃ ሲለኩ ከርመው፣ ያ በር የራሳቸውም መሆኑ ትዝ አላላቸውም። አባዬም አላሰበውም፣ በእምቢታው ተጠምዶ። ለሁላችን ያ በር የኋለኛው ቤት ችግር ብቻ ነበር።

"በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!" አሉ እትዬ የሺ፣ ደረጃው ላይ እየተቀመጡ። "እኔን በካቡ በገመድ ልታወርደኝ ነበር?"

መጀመሪያ የሳቀው የሾዴ ረዳት ነው። ከዚያ እማዬ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ጉልላት ብቻ ሳይስቁ፣ ሰጥቻለሁ፣ የሰጠሁትን አልመልስም፣ ቃሌ ነው አሉ። አባዬ ፊቱ በራ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሸሚዙን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሺ፣ ተቀብያለሁ" አለ። "ግን አንተም በኔ ግቢ የምታልፈው በውል ነው። ሉዓላዊነትህን አይነካም። በወጉ ጠይቀህ፣ በወጉ ፈርመህ፣ ቀና ብለህ ታልፋለህ።"

ውሉን ለቅጣቴ እኔ እንድጽፈው ተፈረደብኝ። ከደብተሬ መሃል ሁለት ገጽ ተገነጠለ፣ ሾዴ ምሳው እስኪያልፍበት ቆመን ተደራደርን። ጋሽ ጉልላት የወደብ ልምዳቸውን አወጡት። ጭነት ያለበት አህያ መተላለፊያው ላይ ስንት ሰዓት መቆም ይችላል? የሠርግ ድንኳን ሲጣልስ? በጾም ቀን ሥጋ ይዞ ማለፍ ይፈቀዳል? አባዬ ሁሉንም ፈቀደ፣ በሩ በቀን እንዳይዘጋ ብቻ ጠየቀ። ዘመኑ ለዘላለም ይሁን ሲል ግን ጋሽ ጉልላት እምቢ አሉ፤ ገደብ የሌለው ውል ምኞት እንጂ ውል አይደለም፣ ሃያ ዓመት ይበቃል አሉ። ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ፈረሙ፣ እትዬ የሺና እማዬ መሰከሩ፣ ሾዴ ካርታው ላይ መተላለፊያውን በአባዬ ስም አስገብቶ ውሉን ከኋላው አያያዘው። የኛ ቤት ካርታ ወጣ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው የትራንዚት ስምምነት እሱ ነው፣ ሁለት የፊደል ስህተት አለበት።

የውሉ ዘመን ያለቀው በዚህ መጋቢት ነው። እኔ ውል አንባቢዋ እንኳ ረስቼዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ናዝሬት ሕፃኗን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። የምታደርገው ጠፍቷታል። "አባዬን ተመልከችልኝ" አለችኝ። "ከኪዳን ተመልሶ አልገባም ብሏል።" ብቅ ብዬ ሳይ ጋሽ ጉልላት ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ምነው ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው አልኳቸው።

"አልገባም፤ ውሌ ትናንት አልቋል" አሉኝ።

ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት፣ ፊታቸው የምራቸውን እንደሆነ ይናገራል። ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። እሱም አልሳቀም። ኮቱን አምጪልኝ አለኝ። ጉልበቱ ስለሚያመው መተላለፊያውን ለማለፍ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ክንዱን ይዤው ወጣን። በሩ ላይ ቆሞ ጓደኛውን አያቸው።

"ግባ" አላቸው።

"በምን መብት?" አሉ ጋሽ ጉልላት ቀና ሳይሉ። "በርህ ነው። ከፈለግክ አትፈቅድም።"

አባዬ እጄን ለቀቀና ደፉን ተሻግሮ ወጣ፣ እያቃሰተ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያንተ ግቢ ነው እኮ፣ አንተ ለምን ወጣህ አሉት።

"አንተ የሌለህበት ግቢ ምን ያደርግልኛል" አለ አባዬ።

ጋሽ ጉልላት መሐረባቸውን አወጡ፣ ጉንፋን ነው አሉ። ሁለቱም ለተወሰነ ጊዜ የሚወጣ የሚወርደውን ታክሲ አዩ። ከዚያ አባዬ ትናንት ስለ ባሕሩ የተባለውን ሰማህ አላቸው፣ እሳቸውም የተባለው ሁሉ ስህተት ነው ብለው ጀመሩ፣ ድምፃቸው ወዲያው ከፍ አለ። እኔ ቢሮ ደውዬ እንደማረፍድ ተናገርኩ። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። አንቀጾቹን አላነበብኩላቸውም፣ የሚሰማኝም የለም። ዘመኑ ላይ ስደርስ ግን ስንት ልበል ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

"ሃያ፣ እንደ ቀድሞው" አሉ ጋሽ ጉልላት።

አባዬ የጓደኛውን ዕድሜ በጣቱ አሰበ። ዘጠና አምስት ዓመት። ወደኔ ዞረ።

"አርባ አድርጊው ረይሃና" አለኝ። "ይኼ ሰውዬ ሃያውን በክርክር ነው የሚጨርሰው።"

አርባ ብዬ ጻፍኩ። ቦርሳዬ ላይ ተደግፈው ፈረሙ፣ ናዝሬት መሰከረች። የበሩ ደፍ ለሁለቱም ከፍ ስለሚልባቸው፣ ክንድ ለክንድ ተደጋግፈው ገቡ።